ጥያቄና መልስ፦ የወሎን ደጋ በመኪና

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ደጋው አረንጓዴ ለብሷል፣ ሰውም ወደ ተራራው መውጣት አምሮታል። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ ስላለው መንገድ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ልጆቻችን ዕረፍት ላይ ናቸው። በደሴና በወልድያ አድርገን በራሳችን መኪና ላሊበላ ድረስ መሄድ እንፈልጋለን። ነሐሴ ላይ ብንሄድ ምን ይላችኋል? ስንት ቀንስ እንያዝ? (ባልና ሚስት፣ ከአዲስ አበባ)

ነሐሴን ብታሳልፉት ይሻላል። በወሎ ደጋ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጉሙም፣ ናዳውም፣ ደራሽ ውሃውም የሚበዛው ያኔ ነው። ለዓይንም ቢሆን ከመስከረም እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ይበልጣል፦ ዝናቡ ይቀንሳል፣ አረንጓዴው ገና አልደረቀም፣ አደዩም አለ፣ አየሩ ታጥቦ ስለጠራ ተራራ ከተራራ ጀርባ ተደርድሮ ይታያል። የትምህርት ቤቱ መከፈት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ጳጉሜንንና የመስከረምን የመጀመሪያ ቀናት ያዙ።

ከወሩ ይልቅ ግን ሰዓቱ ይወስናል። በክረምት ጠዋት ብዙ ጊዜ ሰማዩ ክፍት ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥቡ አየር ይነሳል፣ ወደ ቀትር ደመናው ይጠቁራል፣ ከ8 ሰዓት ወዲያ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ዋናውን ዳገትና ቁልቁለት ከ7 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ዘመድ ተሰናብተን እያለ በ4 ሰዓት የሚነሳ ሰው የጉዞውን ክፉ ክፍል የሚያገኘው ዝናቡ ከሚወርድበት ሰዓት ጋር ነው።

ሰባት ቀን ያዙ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጣርማበርን ተራራ ወጥቶ ወርዶ፣ በየከተማው እየቀነሱ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይወስዳል። ኮምቦልቻ የደረሳችሁት ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ከሆነ እዚያው እደሩ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከ1,850 ሜትር ወደ 2,500 ሜትር የምትወጡት በሐረጎ ኩርባዎች ነው። ሐረጎን በምሽት፣ ከጭነት መኪና ኋላ፣ በዝናብ መውጣት ለደከመ ሹፌር አይመከርም። በሁለተኛው ቀን ከደሴ ወልድያ፣ 120 ኪሎ ሜትር፤ ሐይቅ ከተማ ላይ ቆይታችሁም ቢሆን በቂ ጊዜ አላችሁ። በሦስተኛው ቀን ወልድያ፣ ሳንቃ፣ ድልብ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ፤ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከነማረፊያው 5 ሰዓት መድቡለት። አራተኛውን ቀን ላሊበላ አሳልፋችሁ የቀሩትን ሦስት ቀናት ለመመለሻ አድርጉ። ድልብን፣ ማለትም ከወልድያ ወደ ደጋው የሚያስወጣውን ትልቁን ዳገት፣ አንድ ጊዜ ወጥቶ በማግስቱ መውረድ፣ ከዚያም ሳያርፉ አዲስ አበባ ድረስ መንዳት ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው።

በየቀኑ ዋዜማ አንድ ሥራ አለ። የሚቀጥለው መንገድ ክፍት መሆኑን፣ ናዳ አለመኖሩን፣ የጸጥታውንም ሁኔታ ከመናኸሪያ ሹፌሮች ጠይቁ። የዛሬን መንገድ የሚያውቀው ዛሬ ያለፈበት ሰው ነው።

ያለኝ ባለ አንድ ሊትር ሞተር ቪትዝ ናት። ጓደኞቼ ‘ላንድክሩዘር ካልተከራየህ ድልብን አትወጣትም’ ይሉኛል። እውነት ነው? (ወጣት አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ትወጣታለህ። ችግሩ ከጠበቅኸው ጉልበት ሲሶውን ማጣትህ ነው።

ሞተር የሚሠራው በነዳጅና በአየር ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። በባሕር ጠለል 70 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 3,300 ሜትር ላይ 47 አካባቢ ይቀርለታል። አራት ትልልቅ ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍና ሻንጣ ስትጨምርበት ደግሞ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሁለትን አትለቅም። ሦስት ሆናችሁ ቀለል ያለ ሻንጣ ያዙ። ዳገቱ ላይ ኤሲውን አጥፋ። ሞተሩ ሳያቃስት ማርሽ ቀንስ፤ በማርሽ አራት ነዳጅ መርገጫውን ወለል ድረስ ረግጦ መታገል ሞተሩን ያሞቀዋል እንጂ ፍጥነት አይሰጥም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ 3,000 ዙር ቢያሰማህ አትደንግጥ፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ጭነት መኪና ለመቅደም ግን ደልዳላ ቦታ ላይ ከለመድኸው ርቀት እጥፍ ክፍት መንገድ ያስፈልግሃል። ካላየኸው ተወው።

ካርቡሬተር ያላቸው የቆዩ ኮሮላዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የቤንዚኑን መጠን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ቤንዚኑም ይበላል። ያንተው በኢንጄክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ በሚረጭ) የሚሠራ ስለሆነ ራሱን ያስተካክላል።

ነዳጁን ከወልድያ ሞልተህ ተነሳ። ደርሶ መልሱ ወደ 340 ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳ ላይ በሊትር 15 የምትሄድ መኪና በዳገቱ ጊዜ 10 ብትሄድ ነው፤ በ10 ስታሰላው 34 ሊትር፣ ከነመጠባበቂያው 40። ስለዚህ ሙሉ ታንክ ደርሶ መልሱን ይሸፍንልሃል፤ ግማሽ ታንክ አይሸፍንም። ቤንዚን በጀሪካን ተሳፋሪ ካለበት ክፍል ውስጥ አትጫን። ከፍታ ላይ የጀሪካኑ ሆድ ይነፋል፣ ክዳኑ ይተነፍሳል፣ የቤንዚኑ ትነትም ከናንተው ጋር ይጓዛል።

ላንድክሩዘር የሚያስፈልገው አስፋልቱን ለቀህ ስትገባ ነው። በአስፋልቱ ላይ ጥሩ ፍሬን ያላት ቪትዝ ፍሬኑ ካለቀ ላንድክሩዘር ትሻላለች።

ከድልብ ወደ ወልድያ ስንወርድ ከጎማው የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ፍሬኑም ለስላሳ ሆኖ ወደ ታች ሰመጠ። ቆመን ቆይተን ስንነሳ ደህና ሆነ። መካኒኩ ‘ምንም የለውም’ ብሎ መለሰኝ። እውነት ምንም የለውም? (የመምህራን ማኅበር ሹፌር፣ ከደሴ)

አለው እንጂ። የሆነው ነገር ሁለት ነው፣ ሁለቱም ሲቀዘቅዙ ስለሚጠፉ ጋራዥ ውስጥ አይታዩም።

በመጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ከነሰዎቹ 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚያወጣው ኃይል ወደ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ማርሹ ከፍ ያለ ከሆነ የሚሄደው ወደ ፍሬኑ ዲስክ፣ ታምቡርና ሸራ ነው። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ሽታው የእሱ ነው። ከዚያ ሙቀቱ በፒስተኑ በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ያበጃል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል። መርገጫው የሰመጠብዎ ለዚህ ነው፦ እግርዎ የሚጫነው ዘይቱን ሳይሆን አረፋውን ነበር።

ፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ ካረጀ 155። ስለዚህ ‘ዘይቱ ሙሉ ነው’ ማለት ብቻውን አይበቃም። ሁለት ዓመት ያለፈውን፣ ወይም ሻይ የመሰለውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አስወጥተው በዶት 4 ያስቀይሩ፤ ከላይ መሙላት አይቆጠርም። የፈላው ዘይት ውስጥ አየር ሊቀር ስለሚችል አየሩን ከአራቱም ጎማ ያስወጡ። ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር ከቀነሰ፣ ወይም ላዩ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ይቀየር። ሲፋቅ እንደገና ይይዛል የሚል መካኒክ ቢያጋጥምዎ ለከተማ ይሆን ይሆናል፣ ለድልብ አይሆንም።

አነዳዱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቁልቁለቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱት። በሁለት ከወጡት በሁለት፣ በሦስት ከወጡት በሦስት። ማርሹን የሚቀንሱት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፍጥነቱ ካመለጠ በኋላ ማርሹ አልገባ ሊል ይችላል፣ በዜሮ ላይ መንሳፈፍም ያኔ ይመጣል። አውቶማቲክ ከሆነ ኦቨርድራይቩን ያጥፉ፣ በኩርባዎቹ ላይ ደግሞ መለወጫውን ወደ ‘2’ ወይም ወደ ‘ኤል’ ያውርዱት፤ በአንዳንዶቹ ላይ ‘ቢ’ የሚለው ነው። ፍሬኑን ደግሞ እየደባበሱ አይውረዱ። ፍጥነቱ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርገው ይርገጡና 30 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። እንዲህ ሲሆን ዲስኩ በመሃል አየር ያገኛል። ለአንድ ሰዓት ያህል በቀስታ የሚነካ ፍሬን ለመቀዝቀዝ ጊዜ የለውም።

ማርሽ አውጥቶ በዜሮ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው ወሬ እስካሁን አልጠፋም። በኢንጄክሽን መኪና ጭራሽ ተቃራኒው ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት አለበት። ቁልፉን አጥፍቶ መውረድማ አይነሳ፦ የፍሬኑ አጋዥ ከሁለት ወይም ከሦስት እርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለም መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ሽታው ከመጣ ሰፋ ያለ ደልዳላ ቦታ ፈልገው 30 ደቂቃ ይቁሙ። በጋለው ዲስክ ላይ ውሃ አይድፉ፤ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የእጅ ፍሬኑንም አይሳቡ፤ የጋለው ታምቡር ሲቀዘቅዝ ሸራውን ይዞ ሊቀር ይችላል። ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ሲነሱ ድንጋዩን ያንሱ! ይህን በአጋኖ የጻፍነው በወሎ ኩርባዎች ላይ ሹፌር ጥሎት የሄደ ድንጋይ የማታ አሽከርካሪ ጠላት ስለሆነ ነው።

ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ካለ መርገጫውን ደጋግመው ቶሎ ቶሎ ይርገጡ፣ ማርሹን አንድ በአንድ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳቡ። ሌላ ምርጫ ካጡ መኪናውን በተራራው በኩል ካለው ቦይ ወይም አፈር ጋር ያፋትጉት። በገደሉ በኩል ምንም ነገር አይሞክሩ።

ሐረጎን ስንወጣ ራዲያተሩ ሁልጊዜ ይፈላል። ሜዳ ላይ ግን ምንም አይለውም። (የኮሮላ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ)

አስቀድመው የራዲያተሩን ክዳን ያስቀይሩ። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛው እሱ ነው።

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ደሴ ላይ በ92 አካባቢ፣ 3,400 ሜትር ላይ በ89 አካባቢ። የሞተሩ ተርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው በር) ግን የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው፤ ይህ ማለት ደህናው ሞተር ራሱ ደጋ ላይ በመፍላት ደፍ ላይ ይሠራል። የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው። ‘0.9’ የሚል የግፊት ቁጥር ያለው ክዳን በሚገባ ሲዘጋ እዚያው 3,400 ሜትር ላይ የመፍያውን ደረጃ ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን ሁሉ ይጥለዋል። ክዳን ሲገዙ ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፤ ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ቢያደርጉበት ያረጀውን ቱቦ ያፈነዳል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ሦስት ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው የራዲያተሩ ውስጡ ነው። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት ሲጨመርበት ኖራ ያበጃል፣ ቱቦዎቹ ይጠባሉ። አሳጥበው ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሙሉ። ሁለተኛው ፋኑ ነው። ዳገት ላይ መኪናው ስለሚያዘግም የሚያቀዘቅዘው ንፋስ የለም፤ ሁሉም በፋኑ ላይ ይወድቃል። ሞተሩ ሲሞቅ በደንብ መዞሩን ቆመው ይዩ። ሦስተኛው ተርሞስታቱ ነው። ‘ለኢትዮጵያ አያስፈልግም’ ብለው አውልቀው የሚጥሉት አሉ። ያለ እሱ ሞተሩ በደጋ ጠዋት ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ከተበላሸ ይቀየር እንጂ አይጣል።

መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ መውጣት ሲጀምር ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን በሙሉ ኃይል ይክፈቱ። ላብ ያሰምጣል፣ ግን ሁለተኛ ራዲያተር ማለት ነው። ማርሽ ቀንሰው በዝግታ ይሂዱ። ወደ ቀዩ ከተጠጋ ይቁሙ። እንፋሎት ካልታየ ሞተሩን ሳያጠፉ በእረፍት ዙር ይተዉት፤ ውሃው መዞሩን ይቀጥላል። እንፋሎት ከታየ ወዲያው ያጥፉ። ክዳኑን ለመንካት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ይዘው መጀመሪያ በሩብ ዙር ብቻ፤ ግፊቱ ይውጣ። ውሃውን የሚጨምሩት ሞተሩን አስነስተው በቀስታ ነው። በጋለ ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ የተደፋ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምመዋል፤ የዚያ ወጪ ከክዳኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ጉም ውስጥ ስገባ አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ ረጅም መብራት እጠቀማለሁ። ባለቤቴ ተሳስተሃል ትላለች። ማን ነው ልክ? (ከወልድያ)

እሳቸው ልክ ናቸው።

ረጅም መብራት በጉሙ ጠብታዎች ላይ ተመልሶ ዓይንዎ ላይ ይበራል፤ አጭሩን ያብሩ፣ የጉም መብራት ካለ እሱንም ይጨምሩ። አራቱ ፍሬቻ ለቆመ መኪና ነው። እየሄዱ ሲያበሩት ከኋላ ያለው የቆሙ ይመስለዋል፣ ወደ ግራ ሊታጠፉ ሲሉም ማንም አያውቅልዎ። ፍጥነቱን በሚያዩት ርቀት ይወስኑ፦ 30 ሜትር ብቻ የሚታይ ከሆነ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፉ። በኩርባው ላይ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው ክላክስ ያሰሙና የሌላውን ያዳምጡ። ቴፑ ይዘጋ።

ጉሙ የሚበዛው በገደሉ ጠርዝ ነው። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር አቀበቱን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጠርዙ ላይ ደመና ይሆናል። ስለዚህ ድልብ ላይ ምንም አላይ ብለው የተጨነቁበት ጉም ወደ ጋሸና በኩል ወደ ሜዳው ጥቂት ገባ ሲሉ ሊገለጥ ይችላል። ወልድያ ላይ ሆነው ተራራው ጫፉን ከሸፈነ ቡና ጠጥተው ቢቆዩ ይሻላል።

የመስታወቱ ጉም ሌላ ነው። እሱ የተሳፋሪው እስትንፋስ ነው። ኤሲውን ከሙቀቱ ጋር አብረው ወደ ፊት መስታወቱ ያብሩ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ ያድርጉ። ኤሲ አየሩን ያደርቃል፤ ብርድ ነው ብለው አያጥፉት። ኤሲ ከሌለ የሁለቱን ጎን መስኮት ጣት በሚያሾልክ መጠን ዝቅ ያድርጉ።

ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመሄድ ሚኒባስ ተከራይተናል። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ያስቸግራል ይሉናል፤ ምን እንያዝ? (የሰንበቴ ማኅበር አባላት፣ ከደሴ)

በበዓሉ ሰሞን ከጭቃው በላይ የሚያስቸግራችሁ ብዛቱ ነው። ከአገሩ ሁሉ የሚመጣ መኪናና እግረኛ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛል። በዋዜማው ሳይሆን ከዚያ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ብትገቡ፣ ስትመለሱም በበዓሉ ማግስት ማለዳ ብትነሱ ይቀልላችኋል። ወደ አምባው የሚያስወጣውን ዳገት በእግር ለመውጣት ተዘጋጁ፤ አረጋውያን ካሉ በቅሎ አስቡ።

ስለ ጭቃው፦ በኩታበር አልፎ ወደ ደላንታ በሚወስደው አቅጣጫ ዋልካ አፈር አለ። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። የሚኒባሱ ጎማ ጥርስ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይኑረው። ሃይስ የሚነዳው በኋላ ጎማ ስለሆነ ከባዱን ዕቃ ከኋላው አክሰል በላይ ጫኑ። ሰንሰለት ካላችሁም ለኋላ ጎማዎቹ ነው።

ጭቃው ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይፈጥኑ ሳይቆሙ፣ ፍሬን ሳይነኩ ነው። የመንገዱን እምብርት ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎኑ ወደ ቦዩ ያዘነበለ ስለሆነ መኪናው እንደ ተገፋ ይንሸራተታል። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ወዲያው አቁሙ። ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር ጎማው ራሱን ይቀብራል። ሰው አውርዱ፣ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረጉ፣ ጠጠርና ቅርንጫፍ አንጥፉ፣ የሚነዱትን ጎማዎች አየር ወደ 20 ፒ ኤስ አይ (በጎማ መለኪያው ላይ ያለው የግፊት ቁጥር) አውርዱ። ጠንካራ መሬት ላይ ስትደርሱ መልሳችሁ ንፉ፤ ለዚህ የእግር ፓምፕ ያዙ። ስትጎተቱ ከገመዱ ርቃችሁ ቁሙ፣ ሲበጠስ ሰው ይጎዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ ጥቂት ሰዓታት ፀሐይ እስኪመታው መጠበቅ ነው፤ ላዩ ይደርቃል።

ውሃ የሚሻገር መንገድ ላይ ከደረሳችሁና ውሃው ደፍርሶ ቅርንጫፍ ይዞ የሚወርድ ከሆነ አትግቡ። ዝናቡ እናንተ ያላችሁበት ባይጥልም ከላይ ጥሎ ይሆናል። የሚፈስ ውሃ ግማሽ ሜትር ሲደርስ ብዙውን መኪና ይዞ ይሄዳል፤ ሠላሳ ሳንቲሜትሩም ትንሿን መኪና ያንሳፍፋል። ደራሽ እንደመጣ ይሄዳል፣ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ይጎድላል።

ደጋ ስንወጣ ጎማ ማስተንፈስ ያስፈልጋል? (ከባቲ)

አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ ወደ 3,400 ሜትር ሲወጡ የውጭው አየር ስለሳሳ በመለኪያው ላይ ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ይጨምራል። ብርዱ ግን በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚጨምር ወደ 1.5 ፒ ኤስ አይ ይቀንስበታል። ሁለቱ ይካካሳሉ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በበሩ ላይ በተጻፈው ልክ ይንፉ፣ ስኮርታውንም አይርሱ።

እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት አለባቸው። ትንሹ ልጄ ደግሞ ኩርባ ላይ ያስመልሰዋል። አብረውን ይሂዱ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እናትዎ አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ መድኃኒታቸውን ከሻንጣው ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ ያድርጉት። አዲስ አበባ የሚኖሩ ስለሆነ ደሴና ላሊበላ ከለመዱት ከፍታ ብዙም አይለዩባቸው። የሚከብደው ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ክፍል ነው፤ እዚያ ለማለፍ እንጂ ለማደር አይቁሙ። ራስ ምታት ከማስመለስ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ የሚታገሡት ነገር አይደለም፤ ዝቅ ወዳለው ከተማ ወርደው ጤና ተቋም ያሳዩአቸው። ጋቢ ያስይዟቸው፣ ድልብ ላይ ከኮምቦልቻ በ10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

ለልጁ ባዶ ሆድም የጠገበ ሆድም አይሆንም፤ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት በፊት ዳቦና ሻይ ይበቃል። በመሃለኛው ወንበር ተቀምጦ በፊት መስታወቱ ሩቅ ይይ፣ ስልክ አይያዝ። ሹፌሩ ኩርባው ላይ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ፍሬን ቢይዝ የልጁ ሆድ በብዙ ይረጋጋል። የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት ለዕድሜው የሚስማማውን ፋርማሲስት ይንገርዎ። በቁልቁለት ጆሮው ቢደፈን ቆሎ ወይም ማስቲካ ያኝክ።

ሹፌሩ እኔ ነኝ። እነሱ ‘እይ! እይ!’ ይሉኛል፣ እኔ ምንም አላይም። የት የት ልቁም? (ከደሴ)

እየነዱ ማየት አይቻልም፣ ስለዚህ መቆሚያዎቹን አስቀድመው ያቅዱ። መስፈርቱ ሁለት ነው፦ ከኩርባው ቢያንስ 100 ሜትር የራቀ፣ እና ከላዩ የተቆረጠ ገደል የሌለበት። የወሎ ተራሮች ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ) በባዛልት ላይ የተደራረበባቸው ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው ለስላሳ አፈር ውሃ ሲጠጣ ላዩን ያንሸራትተዋል። አስፋልቱ ላይ አዲስ ጠጠር፣ ከገደሉ ደፍርሶ የሚወጣ ምንጭ ወይም ያዘነበለ ዛፍ ካዩ ፎቶውን ይተዉትና ይለፉ።

ሐረጎ ላይ የኮምቦልቻ ሜዳ ከእግርዎ ሥር ይዘረጋል፤ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትሆን ለፎቶ ከቀትር በኋላ ይሻላል፣ ግን ዝናቡን ያስቡ። ሐይቅ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ነው፤ የእስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት ነው። ውጫሌን ሲያልፉ በ1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው ውል ለልጆች ይንገሯቸው፣ ለዚያ ግን መቆም አያስፈልግም። ለረጅሙ ዕረፍት ከድልብ በላይ ያለውን ደጋ እንመርጣለን፦ ዳገቱ አልቋል፣ ሞተሩም ማረፍ አለበት፣ መንገዱም ቀጥ ይላል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ሲታጠፉ የተከዜ መነሻ ሸለቆ ይከፈታል፤ ቁልቁለት ስለሆነ ማርሽዎን እንደቀነሱ ይቆዩ። አቡነ ዮሴፍ 4,260 ሜትር አካባቢ ነው። ጅብራውንና ጭላዳውን ለማየት ከላሊበላ በእግር ወይም በበቅሎ ነው እንጂ በመኪና አይሞከርም። መቅደላም ከዚህ መንገድ የሚደረስ አይደለም፤ በተንታ በኩል ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስን አያስቡት።

ከኋላ ሰልፍ ከያዙ ደግሞ በመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ቀኝ ይዘው ያሳልፉ። በጠባብ ቦታ ሲገናኙ ቅድሚያው ዳገቱን ለሚወጣው ነው፤ የተጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ ከቆመ ዳግመኛ ለመነሳት ይቸግረዋል፣ እርስዎ ግን ወደ ኋላ ጥቂት ቢመለሱ የሚከፍሉት ሁለት ደቂቃ ነው።